የባሌስትራዬ ዳጉ

«እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» አለች አህያ። የደጋ ልጅ ነኝና ሰርዶ ሲባል የሚታየኝ ከበረቱ ጀርባ መሬት ለመሬት የሚሳበው፣ ዛሬ ነቅለውት ነገ ተመልሶ የሚገኘው ሣር ነው። አፋር ያለችው ሰርዶ፣ ከሰመራ አልፎ ወደ ጋላፊ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘዋ፣ ከስሟ በቀር ከሣሩ ጋር የሚያዛምዳት ነገር አላየሁባትም። ጥቁር ድንጋይ፣ ከድንጋዩ ኋላ ሌላ ጥቁር ድንጋይ። አህያዋ ግን አለች። ከሚሌ እስከ ሰርዶ ያለው ምድር ለዱር አህያ ተብሎ የተከለለ ነው፤ የቤት አህያችን ቅድመ አያት የሆነችው፣ ዛሬ ከምድር ገጽ ለመጥፋት ጥቂት የቀራት አህያ። እንግዲህ ተረቱ ቦታውን አግኝቷል ማለት ነው፤ አህያዋም እያለቀች፣ ሰርዶውም አልበቀለ።

ሰርዶ የደረስነው ፀሐይ ገና ከአድማስ ስትነሳ ነው። ሎጊያ አድረን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ነበር የተነሳነው። ለምን በዚያ ሰዓት ብዬ ስጠይቅ ጋሼ «ጎማውም እንደ ሰው ነው፣ በቀዝቃዛ ይሂድ» አሉኝ። ጋሼ ሹፌሬ ናቸው። ስማቸውን መጽሔት ላይ እንዳላወጣ አስጠንቅቀውኛልና ጋሼ ብቻ እንበላቸው። የኮምቦልቻ ሰው ናቸው፤ በጎልማሳነታቸው አሰብ ተሳቢ ነድተዋል። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነስቶ የአሰብ መንገድ ሲዘጋ ለጥቂት ጊዜ ጅቡቲ ተመላለሱ፤ ከዚያ ጡረታ ወጣሁ ይላሉ፤ ጡረታቸው ግን መሪ መያዝን አይጨምርም። መኪናዋ የኔ ናት፤ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ፣ ከሰፈሬ ጎረምሶች በዕድሜ የምትበልጥ። ለወትሮው ራሴ ነው የምነዳት። አፍዴራ ጨው ሥራ ላይ ላለ ዘመዴ ሲሚንቶና የውሃ ቱቦ ላደርስ ስነሳ ግን ሚስቴ «ያን በረሃ ብቻህን አትገባም» አለች፤ እሳቸው የመጡት በእሷ ትእዛዝ ነው።

ሰርዶ ላይ የቆምነው ሻይ ለመጠጣት ነበር። ይኸውም የእኔ ሐሳብ ነው። ጋሼ ሻይ የሚጠጡት መኪናዋን ከዞሩ በኋላ ነው። የትም ቢቆሙ፣ ለአምስት ደቂቃም ቢሆን፣ ከሹፌር በር ይነሱና በግራ በኩል ጀምረው አንድ ዙር ይዞሯታል፤ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሳለም ሰው። መጀመሪያ መሬቱን ያያሉ፤ ምን ተንጠባጠበ? ጥቁር ከሆነ የሞተር ዘይት ነው፣ ሽታው ናፍጣ ከሆነ እዚያው ይነግራል፣ ከጎማው ውስጠኛ ጎን ውሃ የመሰለ ግን የሚያሟልጭ እርጥበት ካዩ የፍሬን ዘይት ነውና ያን ቀን ጉዞ የለም። ቀጥሎ ባሌስትራውን፣ ቀጥሎ ገመዱን፣ ቀጥሎ የጎማውን ዳዶዎች። ሲጨርሱ የእጃቸውን ጀርባ ወደ እያንዳንዱ ቸርኪ ጠጋ ያደርጋሉ፤ ሳይነኩት፣ ትኩሳት ያለበትን ሕፃን ግንባር እንደምትለካ እናት። ከአራቱ አንዱ ብቻውን ቢግል ፍሬኑ ይዞ ቀርቷል ወይም ኩሽኔታው እየሞተ ነው።

አፋሮች ዳጉ የሚሉት ነገር አላቸው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዝም ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ ማለፍ ነውር ነው። ይቀመጣሉ። ከየት መጣህ? ምን አየህ? ምን ሰማህ? ዝናብ የት ጣለ፣ ግጦሽ የት አለ፣ ማን ታመመ፣ ማን ተጣላ፣ መንገዱ ደህና ነው? የሰማውም ለሚያገኘው ለሌላው ማድረስ አለበት፤ ግዴታ ነው። በዳጉ የዋሸ ሰው ስሙ ይጠፋል፤ በረሃ ላይ የሐሰት ወሬ ሰውንም ከብትንም ያስፈጃልና። ስልክ ከመምጣቱ በፊት በዚህ ምድር አዲስ ነገር ከመኪና እኩል ይጓዝ ነበር ይባላል። የጋሼን ዙሪያ ጥምጥም ሳይ የመጣልኝ ይኸው ነበር፤ ሰውየው ከመኪናዋ ጋር ዳጉ እየተቀመጡ ነው። ከሎጊያ እስከዚህ ምን አገኘሽ? ምን ሰማሽ? የቱ ጎንሽ አመመሽ?

እኔም እንደ ባለቤትነቴ አንድ ነገር ላድርግ ብዬ የአየር መለኪያውን አወጣሁ። የኋላ ጎማው ጠዋት ሎጊያ ከለካሁት ከፍ ብሎ ቆየኝ፤ ጥቂት ላስተነፍሰው ጎንበስ ስል፦

«ተው!» አሉ ጋሼ ከዚያ ማዶ። «የሮጠ ሰው ደረቱ ቢነፋ ታፈስለታለህ? ይቀዝቅዝና ለካው።»

እውነት ነው፤ ጎማ የሚለካው ሲቀዘቅዝ ነው፤ ልኩ የተጻፈው ለቀዝቃዛ ጎማ ነውና። ሲሄድ አየሩ ይግላል፣ ግፊቱም ይጨምራል፤ ይህ የታሰበበት ነው። ትኩሱን ካስተነፈሱት ሲቀዘቅዝ ጎድሎ ያድራል፤ የጎደለ ጎማ ደግሞ ጎኑ እየታጠፈ እየተዘረጋ ከራሱ ሙቀት ያመነጫል፤ ነገ በቀትር የሚፈነዳው ያ ጎማ ነው። ልኩን የሚናገረው ወረቀት በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ ተለጥፏል፤ ለባዶ ሌላ፣ ለጭነት ሌላ ቁጥር ያለው። መኪናዋን ከገዛሁ 9 ዓመቴ ነው፤ ወረቀቱን ያነበብኩት ሰርዶ ላይ ነው። በጎማው ጎን ላይ ያሉትን አራት አኃዞች ያሳዩኝም እሳቸው ናቸው፤ ፊተኞቹ ሁለቱ የተሠራበትን ሳምንት፣ ኋለኞቹ ዓመቱን ይነግራሉ። ትርፍ ጎማዬን አንብበው ምንም አላሉም። ዝምታቸው ከስድብ የባሰ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የመጣው። ጋሼ በእጃቸው ጀርባ ፊት ግራውን ለኩ። ፊት ቀኙን ለኩ። ኋላ ግራ፣ ኋላ ቀኝ። ተመልሰው ደግሞ ከፊት ጀመሩ። ከሎጊያ ወዲህ ለፍየልም ለግመልም ስንቆም ስንነሳ ነው የመጣነው፤ ግመል ደግሞ መንገድ መሃል ቆሞ የሚያስብ እንስሳ ነው፤ አትነካውም፣ እግሩን የመታህ እንደሆነ ገላው መስታወቱን ሰብሮ ጭንህ ላይ ነው የሚመጣው።

«የፊቶቹ እሳት ናቸው። የኋላዎቹ አልሠሩም» አሉ።

«ታዲያ መልካም አይደል? አልጋሉማ።»

ጋሼ አዩኝ። «ጭነቱ የት ነው ያለው?»

ጭነቱ ካሶኒው ላይ ነው፤ 14 ከረጢት ሲሚንቶ፣ ይኸውም 7 ኩንታል፣ ቱቦው ሲደመር። ክብደቱ ያረፈው የኋላ ጎማዎቹ ላይ ሆኖ ፍሬኑን የሚጎትቱት የፊቶቹ ብቻ ናቸው ማለት ነው። ጋሼ ጆንያ አንጥፈው ከመኪናዋ ሥር ገቡ፤ እግራቸው ብቻ ውጭ ቀረ። ቆየት ብለው «ና ግባ» አሉኝ። በ60ዎቹ ያለ ሰው ገብቶ እኔ ልቀር አልችልም።

ከኋላው አክስል ተነስቶ ሻንሲው ላይ ወዳለች ትንሽ ነገር የሚሄድ የጣት ውፍረት የማይሞላ ዘንግ አለ። አቧራ ለብሶ፣ ለማንም የማይታይ። ከሥሩ ተጋድሜ ካላየሁት በቀር እስክሞት አላውቀውም ነበር። ሥራው ቀላል ነው። ካሶኒው ሲጫን መኪናዋ ወደ አክስሏ ዝቅ ትላለች፤ ዘንጉ ይገፋል፤ ያቺ ነገር «ከባድ ጭነት አለ» ብላ ለኋላ ፍሬን ብዙ ኃይል ትለቃለች። ካሶኒው ባዶ ሲሆን መኪናዋ ከፍ ትላለች፤ ዘንጉ ይላላል፤ ለኋላ ፍሬን ጥቂት ብቻ ይሰጠዋል። ባዶ ፒክአፕ ኋላዋ ቀላል ነውና ጠንከር ብሎ ቢያዝ ጎማው ተቆልፎ እንደ ውሻ ጅራቷን ታዞራለች። በአጭሩ ይህ ዘንግ መልእክተኛ ነው፤ ከጭነቱ ወደ ፍሬኑ ወሬ ያመላልሳል።

«ባሌስትራ አስጨምረሃል?» አሉኝ፣ ሁለታችንም በጀርባችን ተኝተን።

አስጨምሬያለሁ። ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት፣ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ጋራዥ፣ በየጎኑ አንድ አንድ ብረት። ባለጋራዡ «አሁን የፈለግኸውን ጫንባት፣ ከወገቧ አትጎብጥም» ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው፣ አልጎበጠችም። 7 ኩንታል ተሸክማ ቀጥ ብላ ቆማለች፤ እኔም ሎጊያ ላይ ከሩቅ እያየሁ ኮርቼባት ነበር።

«አልጎበጠችማ» አሉ ጋሼ። «ስላልጎበጠች ዘንጉ ባዶ ነኝ ብሎ ይናገራል። ፍሬኑም አምኖታል።»

እዚያ ከመኪናዋ ሥር ተጋድሜ፣ የሞተር ዘይትና የትኩስ አቧራ ሽታ እየተነፈስኩ፣ ብዙ ነገር አሰብኩ። ብረቱ አልተሰበረም። ማንም አልሰረቀኝም፤ የከፈልኩበትን አግኝቻለሁ። የተበላሸው ወሬው ነው። በዳጉ መሃል አንድ ውሸታም አስገብቻለሁ።

(ተቃራኒውም ይደረጋል አሉኝ። ፍሬን አልያዘልኝም ያለ ሰው ዘንጉን በሽቦ ወደ ላይ ያስርና ሁልጊዜ «ሙሉ ነኝ» እንዲል ያደርገዋል። ጭነት ላይ ጥሩ ይይዛል። ጭነቱን አራግፎ ሲመለስ፣ ዝናብ ጠብ ካለ፣ ያኔ ነው የሚገለበጠው።)

ሃይሉክስ ጃፓን ውስጥ የተወለደችው በእኛ አቆጣጠር በ1960 ዓ.ም. ነው። በዓመቱ፣ መጋቢት 1961 ዓ.ም.፣ ሰርዶን የመሬት መንቀጥቀጥ አፈራረሳት፤ ሰውም ሞተ። እዚህ አካባቢ የምድር ቅርፊት በሦስት አቅጣጫ እየተሳሳበ ነው፤ በዓመት በሚሊ ሜትር እየተቆጠረ፣ ሳይቸኩል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌ በኩል መሬቱ ለወራት ሲንቀጠቀጥ ስንቱ ቤቱን ጥሎ ወጥቷል። ሃይሉክሷ ግን ያን ያህል ዘመን የማይነቀነቅ ስም ነው ያተረፈችው። በ1996 ዓ.ም. አንድ የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ፕሮግራም አንዷን ባሕር ውስጥ ነክሮ፣ በእሳት ለብልቦ፣ ሕንፃ ላይ ሰቅሎ ሕንፃውን አፍርሶባት በመጨረሻ ስትነሳ አሳየን። ከዚያ ወዲህ ሃይሉክስን «አትሞትም» የማይል የለም፤ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተባለ በኋላማ አሮጌዋ እንደ ቅርስ ነው የምትታየው። እኔን የሸወደኝ ይኸው ዝና ነው። አትሞትም ማለት አትገድልም ማለት መስሎኝ ነበር።

ደግሞም ፒክአፕ እምቢ አትልም። አህያ እንኳ ሲበዛባት ትተኛለች። ፒክአፕ ላይ 15 ኩንታል ቢጭኑባት ትነሳለች፤ 12 ሰው ካሶኒ ላይ ቢያቆሙባት ትሄዳለች። አዲስ አበባ ላይ እኮ ጭራሽ ታክሲ አድርገናት ነበር፤ ካሶኒዋን ጣራ አልብሰን፣ በግራና በቀኝ አግዳሚ ወንበር ገጥመን። ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተፋጦ ስለሚቀመጥ ስሟን «ውይይት» አልናት፤ ዘመኑ የውይይት ክበብ ዘመን ነበርና ስሙ ከእውነትም ከቀልድም የተቀዳ ነው። እንግዲህ እቃ እንድትጭን የተሠራችውን ሰው አስጭነን አጉረምርማ አታውቅም።

ከመኪናዋ ሥር ከወጣን በኋላ ጋሼ ሻያቸውን አዘዙ። አፋፍ ላይ ባለችው የላሜራ ሻይ ቤት ጥላ ሥር ተቀምጠን «አሁንስ ምን ይሻላል?» አልኳቸው። ዘንጉን ራሳቸው ያስተካክሉታል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ የመሣሪያ ሳጥናቸው ውስጥ ክሪኩም፣ ፒንሳውም፣ ካቻቢቴውም ሞልቶ። ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። ልኩ የሚታወቀው በመለኪያ ነው፤ በግምት የተነካ ፍሬን ካልተነካው ይብሳል። ኮምቦልቻ ስንመለስ የተጨመረው ብረት ይወጣል፣ ዘንጉም ይታያል። እስከዚያ ጭነት መቀነስ፣ ፍጥነት መቀነስ፣ ከፊት ካለው መኪና ራቅ ማለት፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ በሚወጡበት ማርሽ መውረድ። አፍዴራ ከባሕር ወለል በታች ናት፤ ስለዚህ መውረድ አለ። ናፍጣ ለመቆጠብ ብለው ማርሽ ዜሮ አድርገው የሚንሸራተቱትን ሲያነሱ ጋሼ ምራቃቸውን እንትፍ አሉ። መቆጠብም አይደለም፤ የዛሬ ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ ቁልቁል ሲወርድ ናፍጣውን ራሱ ይዘጋል።

ጋቢና፣ ካሶኒ፣ ባሌስትራ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ቸርኪ፣ ክሪክ፣ ጎሚስታ። ሻዩን እየጠጣሁ ቆጠርኳቸው፤ ሁሉም ጣሊያንኛ ናቸው። ይህን የአሰብ መንገድም በወረራቸው ዘመን የቆፈሩት እነሱው ናቸው። መንገዱን ሊገዙበት ሠርተው፣ ሲባረሩ መንገዱንም ቃሉንም ትተውልን ሄዱ። ከመኪናው አካል የራሳችንን ስም ያወጣንለት ዋና ነገር «መሪ» ነው። አያስገርምም፤ መሪነት ላይ ከማንም አንበደርም።

አንድ ልጅ መጣ፤ በእጁ ባዶ ሃይላንድ ይዟል። ውሃ ፈልጎ ነው። ካሶኒው ጥግ ላይ ሦስት ጀሪካን ታስሯል፤ ከእነሱ አጠገብ ደግሞ እኔ አዲስ አበባ ላይ ለራዲያተር ብዬ በሃይላንድ የቀዳሁት ቀይ ውሃ ተቀምጧል። ልጁ ዓይኑን የጣለው ቀዩ ላይ ነው፤ ሚሪንዳ ይመስላል። ጋሼ እጄን ያዙኝ እንጂ ላነሳለት አልነበረም፤ ግን እዚያ መቀመጡ ራሱ ጥፋት ነበር። የራዲያተር ፈሳሽ ጣፋጭ መርዝ ነው፤ ኩላሊት ይገድላል። ጋሼ ልጁን ከጀሪካኑ ቀዱለት፣ ቀዩን ሃይላንድ አንስተው ከወንበሬ ኋላ፣ ከመሣሪያው ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት። «ባለቤትህ በረሃውን ፈርታ ነው የላከችኝ» አሉ፤ «ለካ የሚፈራው ሌላ ነው።»

4 ከረጢት ሲሚንቶ ሰርዶ ላይ አወረድን። ባለሱቁ ጓዳው ውስጥ አስቀመጠልን፤ ዘመዴ በጨው መኪና ያስወስደዋል፤ ከምንበላው ጨው ብዙው ከአፍዴራ በዚህ በኩል ነውና የሚያልፈው፣ ባዶ ሆኖ የሚሄድ ከባድ መኪና አይጠፋም። 2 ኩንታል ቀነስን ብዬ ስደሰት ጋሼ ወደ ጥላው አመለከቱ። አንድ ሽማግሌ፣ ጊሌ የሚሉትን ጩቤ ታጥቀው፣ የ10 ዓመት ልጅ ልጃቸውን ይዘው ቆመዋል።

ይህን ነገር አዲስ አበባ ላይ ስንጭን ተከራክረንበት ነበር። እኔ ጠረጴዛ ላይ ደምሬ፣ መኪናዋ ከሰውም ከእቃም 10 ኩንታል ያህል ትችላለች፤ ሲሚንቶ 7፣ ቱቦ ግማሽ፣ እኔና እርስዎ አንድ ተኩል፣ ውሃው 60 ሊትር፣ አልሞላንም፤ ብዬ ነበር። «ሰውየውን የት አደረግከው?» አሉኝ። የቱን ሰው ብላቸው «መንገድ ላይ ያለውን» አሉ። ጋሼ በረሃ ሲገቡ የሁለት ሰው ቦታና ክብደት ሁልጊዜ ያስቀራሉ። ካሶኒ ላይ ሰው አይጭኑም፤ አንዴ በ1980ዎቹ ካሶኒ ላይ የጫኑት ሰው ምን እንደሆነ ጠይቄያቸው አልነገሩኝም። ግን በ45 ዲግሪ ሙቀት እጁን የዘረጋ ሰው ትተው ማለፍም አይችሉም። ስለዚህ ሒሳቡን ከቤታቸው ይሠሩታል፤ ያልተገናኙትን ሰው ከጭነቱ ላይ ይቀንሱታል። የዚያን ቀን በእኔ ግትርነት አላስቀሩም ነበር፤ የሰርዶ ሲሚንቶ መውረድ ቦታውን መለሰው። ሽማግሌውና ልጁ ከኋላ ወንበር ገቡ፤ ጋሼ ዞረው ቀበቷቸውን አሰሩላቸው፤ ልጁ የቀበቶውን ቁልፍ ሦስት ጊዜ ፈትቶ ሦስት ጊዜ አሰረው።

ወደ ሰሜን ተገነጠልን። በ60 ነው የምንሄደው። ጋሼ ከአሰብ ዘመናቸው የተረፈ አፋርኛ አላቸው፤ ሽማግሌውም ጥቂት አማርኛ። ዳጉ ተጀመረ። ረጅም ነበር፤ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው በየመሃሉ «ኸም» እያለ ይቀበላል፤ ደግሞ ተራው ይገለበጣል። ከፊታችን የሚመጣ የጨው መኪና መብራቱን ሁለቴ ብልጭ አደረገ፤ ጋሼም መለሱለት፣ ፍጥነታቸውን ቀነሱ፤ ከኩርባው ኋላ አሥር ያህል ግመሎች መንገዱን ሞልተውት ነበር። የሹፌሮች ዳጉ እንግዲህ ያ ነው።

«ምን አሉዎት?» አልኳቸው ግመሎቹ ካለፉ በኋላ።

«ከፊት ጎርፍ አሸዋ የጣለበት ቦታ አለ፣ በግራ ያዝ ብለውኛል። የወንድማቸው ልጅ ልታገባ ነው። አንድ ግመል ጠፍቷቸዋል።»

«እርስዎስ ምን አሏቸው?»

«ያየሁትን።»

«ስለ መኪናዋም?»

«አዎ።»

«ባሌስትራውንም?»

መልስ አልሰጡኝም፤ በመስታወቱ ሽማግሌውን ሳያቸው ግን እያዩኝ ነበር፤ በሐዘኔታ።

ሽማግሌውና ልጁ ግማሽ መንገድ ላይ ወረዱ። እኛ በአሸዋው በግራ በኩል ተሻገርን፣ አንዴ ጎማ ለማቀዝቀዝ፣ አንዴ ጋሼ ለመዞር ቆምን፤ ከኋላችን ስንት ባዶ የጨው መኪና እየበረረ አለፈን። ከሰዓት በኋላ አፍዴራ ደረስን። ነጩ ጨው ዓይን ያጥበረብራል። ሻንሲዋን ዛሬውኑ በንጹህ ውሃ ማጠብ እንዳለብን፣ ጨው ብረትን እንዴት እንደሚበላ ጋሼ እያስረዱኝ ሳለ አንድ የማላውቀው ወጣት ከጨው ክምር ኋላ ብቅ አለ። መኪናዋን አያት። ጎንበስ ብሎ ከሥሯ ተመለከተ። ቀና ብሎ እኔን አየኝና፦

«ባሌስትራ ያስጨመርከው አንተ ነህ?» አለኝ።